የወንድሜ ቁልፍ ያዥ

ዝናብ ሲዘንብበት የከረመ ቁልፍ ስከፍት እጄ ላይ የሚቀር ሽታ አለ፤ የዝገት ሽታ። ዛሬ ጠዋት እዚህ ቡራዩ ፎቶ ኮፒ ቤቴን ስከፍት ቁልፉ እምቢ ብሎኝ ብዙ ታገልኩት። ሲከፈትልኝ መዳፌ ቀልቶ ነበር። በሳሙና ታጠብኩ፣ ሎሚ አሸሁበት፤ ሽታው አልለቀቀኝም። ረፋዱ ላይ መጥተሽ ሥራ ፈትቼ እጄን ሳሸት ስታዪኝ "እማዬ፣ ምን ሆነሻል?" አልሽኝ። "ምንም" አልኩሽ። ፎቶውን እንጂ እሱን ስለማታውቂው ስለ ወንድሜ ብዙ ጊዜ ጠይቀሽኛል፤ እኔም "ታሞ ሞተ" እያልኩ አልፌሻለሁ። ታሞ መሞቱ እውነት ነው። የቀረውን ዛሬ ልንገርሽ።

ያደግነው ሰበታ ነው። ቤታችን ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር፤ ሌሊት ከባድ መኪናዎች ሲያልፉ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። አባቴ ገበሬ ነበር። ጤፍና ሽምብራ ይዘራል፤ ሁለት ላሞችም ነበሩን። እናቴ ቅቤና አይብ ገበያ ትወስዳለች። ቤታችን ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ እየተቀላቀሉ ነበር የሚነገሩት፤ አባቴ ሲቆጣ በአንዱ፣ ሲራራ በሌላው ይናገር ነበር። ወንድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። በእኔና በእሱ መሀል የተወለዱት ሁለቱ በሕፃንነታቸው ስለሞቱ፣ እኔ ስወለድ እናቴ አሳቅፋው "ይቺ ያንተ ናት" አለችው ይባላል። እሱም ቃሉን የምር ነበር የያዘው። በክረምት ወንዙ ሲሞላ በጀርባው አዝሎ ያሻግረኝ ነበር፤ ጫማዬ እንዳይረጥብ አንዱን በአንድ ኪሱ፣ ሌላውን በሌላ ኪሱ ከትቶ።

አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰ ዓለም ገና በኩል ካለ አንድ ፋብሪካ ተቀጠረና ክር የሚያጠነጥን ማሽን ላይ መሥራት ጀመረ። ከሥራ ሲመለስ ጥጥ ፀጉሩ ላይ ተነስንሶ ሽማግሌ መስሎ ይመጣል፤ በር ላይ ይቀመጥና እኔ በማበጠሪያ አራግፍለታለሁ። ከሥራ ውጪ ያለው ጊዜው ለችግኝ ነበር። ባዶ የወተት ቆርቆሮ፣ የተቀደደ ጀሪካን፣ ያገኘውን ሁሉ አፈር ይሞላና ኮክ፣ ጽድ፣ ግራቪሊያ ያፈላል። ማታ ማታ ውኃ ሲያጠጣቸው ከጓሮው የሚመጣው የእርጥብ አፈር ሽታ እስከ መኝታዬ ይደርስ ነበር።

ሕመሙ ቀስ ብሎ ነው የገባው። መጀመሪያ እንቅልፍ ተወ፤ ቀጥሎ ምግብ። አንድ ቀን ፀጉሩን ሳራግፍለት፣ ማሽኑ በስሙ እየጠራ እንደሚሰድበው ነገረኝ። "አንቺንም 'አውቃታለሁ' ይለኛል" አለኝ። የሚያሾፍ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ብዙም ሳይቆይ ከሥራ ወጣ። ከዚያ አንድ ጠዋት ጅማ መንገድ መሀል ቆሞ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ድንጋይ የጫነ መኪና ሲያስቆም አገኙት። "ልጆች ሊሻገሩ ነው" ይላል። መንገዱ ላይ አንድም ልጅ አልነበረም። በሁለተኛው ጊዜ ሹፌሩ እሱን አድናለሁ ሲል ቦይ ውስጥ ገባ። በሦስተኛው አባቴ ሊጎትተው ሲሄድ ገፈተረውና አባቴ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ።

ጠበል ወስደው ሁለት ወር አስቀመጡት። ረጋ ብሎ መጣ፤ በሳምንቱ ግን እንደገና መንገዱ መሀል ቆመ። ያኔ ነው አባቴ በጀሶ የታሰረ ክንዱን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ በደህናው እጁ ሰንሰለት ይዞ የመጣው።

አባቴን ክፉ ሰው አድርገሽ እንዳታዪብኝ። ልጁን መኪና እንዳይበላው ነው ያሰረው፤ ሌላ የሚያውቀው መንገድ አልነበረውም። ከእህል ቤቱ ምሰሶ ጋር የወንድሜን ቁርጭምጭሚት ሲያስር፣ ብረቱ እንዳይልጠው ከራሱ ጋቢ ቀድዶ እግሩን ጠቀለለለት። ሲጨርስ ወጥቶ ከላሞቹ በረት ኋላ ሄደ። እዚያ ያደረገውን አላየሁም፤ ድምፁን ግን ሰምቻለሁ።

ቁልፉን እኔ ያዝኩት። አባቴን ሲያየው ስለሚቆጣ፣ እናቴም ገብታ ማየት ስላልቻለች፣ ከቤቱ ሰው የቀረሁት እኔ ነበርኩ፤ እኔን ነክቶኝ አያውቅም። እናቴ ቁልፉን በጥቁር ክር አድርጋ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ፤ ከዩኒፎርሜ ሥር ማንም አያየውም። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እፈታዋለሁ፤ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ጓሮውን ሁለት ጊዜ ዞሮ ችግኞቹን ያያል። ከዚያ ራሱ ተመልሶ ይገባና እግሩን ያቀርብልኛል። ምሳ ሰዓት ላይ እየሮጥኩ መጥቼ እንደገና። ከትምህርት ቤት ስመለስ እንደገና። የእህል ቤቱ ጨለማ ነበር፤ በግድግዳው ስንጥቅ ጠዋት ጠዋት ቀጭን ብርሃን ይገባና የጤፍ አቧራ ይጨፍርበታል። ወንድሜ ያንን ብርሃን በመዳፉ እየያዘ ይለቀዋል። አንዳንድ ቀን ከማይታዩ ሰዎች ጋር ሲከራከር ይውላል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጤነኛ ነው። "ክሩ አንገትሽን አይበላሽም?" ብሎ የጠየቀኝ ከጤነኛ ቀኖቹ በአንዱ ነው።

ለሰው "ገላን ፋብሪካ ገብቶ እዚያው ተከራይቶ ነው የሚኖረው" እንል ነበር። አባቴ ለእድሩ እንዲያ አለ፤ እናቴ ለገበያተኛው፤ እኔ ለክፍል ጓደኞቼ። እኔማ አስፋፍቼ ነበር የምዋሸው። ደመወዝ ጨመሩለት፣ ሰዓት ገዛልኝ፣ ለመስቀል ይመጣል። ከአሥር ወር በላይ እንዲህ ኖርን። ጎረቤቶቻችን ግን አንዳንዴ ድምፅ ይሰሙ ኖሯል፤ ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። ሳይጠይቁን የቀሩት እንዳናፍር ብለው ነበር።

ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍል ፈተና የጨረስን ዕለት አንዲት ጓደኛዬ ሁላችንንም ቤቷ ወሰደችን። እናቷ ፓስታ ሠርታ፣ ለስላሳ ገዝታ፣ ቴፕ ከፍታ ጠበቀችን። ምሳ ሰዓት ነበር። ቤት መሄድ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ቁልፉ ደረቴ ላይ ነው። እናቴ ገበያ ናት፤ አባቴ ለዘመድ ቀብር ተጂ ከተማ ሄዷል። "ትንሽ ልቆይ" አልኩ። እንደሌሎቹ ልጆች መሆን ፈለግሁ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ከዚያ ዝናቡ ጀመረ። ቆርቆሮው ሲጮህ የቴፑ ድምፅ ጠፋ፤ ልጆቹ ይበልጥ ሳቁ። "ሲያባራ እሄዳለሁ" አልኩ። አላባራም። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ ዛሬም በትክክል አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ ስጨፍር ትዝ ይለኛል።

ስመለስ የመንገዱ ቦይ ሞልቶ ወደ ሰፈራችን ገልብጧል። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ነው። የግቢያችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ከፊት ለፊታችን ያለችው ባለሱቅ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሱቁን ብቻዋን የምታስተዳድር እስላም ሴትዮ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ አስራ የእህል ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ጩኸቱን የሰማችው እሷ ነበረች። የእድራችን ዳኛም፣ ሽማግሌው፣ ከዘራቸውን ይዘው እዚያው ነበሩ።

ወደ ውስጥ አየሁ። የእህል ቤቱ ወለል ከግቢው ዝቅ ያለ ስለነበር ውኃው እስከ ወንድሜ ወገብ ደርሷል። በተጠቀለለችው እግሩ ምሰሶው ላይ እንደታሰረ ቆሟል፤ ትከሻው ላይ የጤፍ ጆንያ ተሸክሟል። ከታች የነበረውን ጆንያ ውኃው ሳይደርስበት አንስቶ፣ ይህን ሁሉ ሰዓት ይዞት ቆሟል።  ሰዎቹ ሊቀበሉት ቢሞክሩ አልሰጥም ብሏቸዋል።

"ቁልፉ የት ነው?" አለች ባለሱቋ።

ሁሉም እያየኝ ከዩኒፎርሜ ሥር አወጣሁት።  ውኃ ውስጥ ገብቼ እግሩን በዳበሳ ፈለግሁ፤ ቁልፉ አልገባም አለኝ። ወንድሜ ከላይ ሆኖ በኦሮምኛ "ሂን ሶዳቲን" አለኝ። አትፍሪ ማለቱ ነው። "ሂን ሶዳቲን፣ ቀስ በይ፣ ጤፉ አልራሰም።"

አባቴ ማምሻው ላይ ከቀብር ሲመለስ ሰዎቹ አልሄዱም ነበር። ሳሎናችን ውስጥ ወንድሜ ደረቅ ልብስ ለብሶ፣ የባለሱቋን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሻይ ይጠጣል። አባቴ በሩ ላይ ቆመ። የእድሩ ዳኛ ቀና ብለው አይተውት "ማሊፍ?" አሉት። ለምን?

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ያዘው።

"አብረን ስንት ሰው ቀብረናል" አሉ ሽማግሌው። "የሞተ ስናነሳ አንድ ላይ፣ በሕይወት ያለውን ግን ብቻህን? ሰው አልመሰልንህም?"

"ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ኦቦ?" አለ አባቴ። "ልጄ አብዷል ብዬ?"

"አዎ" አለች ባለሱቋ። "እንዲያ ብለው ቢነግሩን እኮ ይበቃ ነበር።"

ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ጠርታ ያመጣችው ባለሱቋ ናት። ነርሷ ወጣት ነበረች። ወንድሜን "እንዴት ነህ?" ብላ መልሱን እስከ መጨረሻው ሰማችው። ብዙ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ በሽታ እንደሆነ፣ እሱ አምጥቶት እንዳልሆነ፣ እኛም አምጥተነው እንዳልሆነ፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ሄዶ ክትትል መጀመር እንዳለበት ነገረችን። እናቴ "ጠበሉስ?" አለች በፍርሃት። "ጠበሉን አይተዉ፣ እማማ" አለቻት። "መድኃኒቱንም አይተዉ። አይጣሉም።"

በሚቀጥለው እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ከቀትሩ ፀሐይ የተነሳ እንደ ምድጃ ይግላል፤ በአንድ ጥግ የለቅሶው ድንኳን ተጠቅልሎ የሻጋታ ሽታ ይሸታል። ነርሷ ስለ በሽታው ተናገረች። ወፍጮ ቤት ያለው ሰውዬ ተነስቶ "ማዘኑን አዝናለሁ፤ ግን ልጄ በእነሱ ደጅ ነው ትምህርት ቤት የምታልፈው። ተፈትቶ ቢመታብኝ ማን ይጠየቃል?" አለ። ሌላው "ይህ የመንፈስ ነገር ነው፤ በመርፌ አይወጣም" አለ። ጫጫታ ሆነ። ወንድሜ በሩ አጠገብ፣ በባለሱቋና በአባቴ መሀል ተቀምጦ ነበር። ተነሳ።

"እኔ እዚህ ነኝ" አለ። "ስለ እኔ ስታወሩ ወደ እኔ እያያችሁ አውሩ።"

ይህን ብሎ ተቀመጠ።  ያኔ ነው ጉልት ድንችና ቲማቲም የምትቸረችረው ጎረቤታችን ከሴቶቹ መሀል ብድግ ያለችው። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ነበር፤ አወጣችው።

"የእኔም ልጅ አረብ አገር አይደለችም" አለች። "ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው። ጓዳ ናት።"

ያን ቀን ከእሷ ሌላ አንድ ቤት ታወቀ፤ የታመመ ወንድሙን የደበቀ ሰው። ሰፈራችን ትልቅ አልነበረም። ሁላችንም የምንተዋወቅ ይመስለን ነበር።

ለሆስፒታሉ ምልልስ ከሁሉ በፊት ተራ የያዘው ወፍጮ ቤት ያለው ሰውዬ ነው፤ ነገሩን ላሳምርልሽ ብዬ አይደለም፣ እንዲያ ነው የሆነው። በየወሩ፣ በቀጠሮው ማክሰኞ፣ ከእድሩ አንድ ሰው ወንድሜንና የቸርቻሪዋን ልጅ ይዞ ሆስፒታል ይሄዳል፤ እናቶቹና አባቴ ሲደክሙ ቀጠሮው እንዳይዘለል። ወንድሜ መርፌ ይወጋል፣ ኪኒን ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ቀላል አልነበረም። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ምራቁ ይወርዳል፤ ቀን ሙሉ ያንቀላፋል። ማሽኑ ግን ቀስ በቀስ ዝም አለ። "አልጠፋም" ይለኝ ነበር፤ "ሩቅ ሆነ እንጂ።" የእድሩ ዳኛ ከአዳራሹ ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ለችግኝ ሰጡት። ሰዉ ባዶ ቆርቆሮ ሲያገኝ አይጥልም፤ ያመጣለታል። በመንገድ ሲያልፍ "አካም ቡልቴ?" ይሉታል፣ እንዴት አደርክ ለማለት፤ ቆሞ ይመልሳል። ሦስት ዓመት ያህል እንዲህ ሆነን ኖርን። በሕይወቴ ጥሩ ጊዜ የምለው እሱን ነው። ሰንሰለቱን አባቴ ለቀጥቃጭ ሰጥቶት ማረሻ ተሠራበት።

ከዚያ አባቴ ሞተ። የጉበት በሽታ ነበር፤ በሁለት ወር ጨረሰው። መሬታችን ላይ መጋዘን ሊሠራበት ነው ተባለና ተነሳን፤ ቤታችንም አብሮ ተነሳ። የእናቴ ወንድም ሱሉልታ ወተት ይነግድ ነበርና "እኔ ዘንድ ኑ፣ ቦታ አለኝ" አላት። ስንሄድ ባለሱቋ ስልክ ቁጥሯን በሳሙና ካርቶን ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። "ቀጠሮው እንዳይዘለል" አለችኝ። "ካቃታችሁ ደውይ። የትም ብትሆኑ እንመጣለን።"

ሱሉልታ ብርድ ነው። ከእንጦጦ ወዲያ ሜዳው ተዘርግቶ ነፋሱን የሚያቆመው ነገር የለም፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። የእናቴ ወንድም ክፉ አልነበረም፤ ለእናቴ ጥሩ ክፍል፣ ለወንድሜ ከወተት ማቀዝቀዣው አጠገብ አንዲት ክፍል ሰጠ። ግን በመጀመሪያው ቀን አስቀምጦ ነገረን። "እዚህ አገር ማንም አያውቃችሁም። እንዳይታወቅ። ለልጆቼ ሽማግሌ ሊላክ ነው፤ በዘራቸው እብድ አለ ከተባለ አለቀላቸው።" እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔ አዲስ አበባ ኮሌጅ ገብቼ እዚያው ነበር የማድረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። የመጀመሪያውን ወር ሆስፒታል እኔ ወሰድኩት። በሁለተኛው የእናቴ ወንድም "ደህና ነው እኮ፤ ምን አስኬዳችሁ? ሰው አይቶ ይጠይቃል" አለ። ወንድሜ በእርግጥ ደህና ነበር። ማክሰኞ ደግሞ እኔ ትምህርት አለኝ። ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ ብዬ የለ፤ ቀለል አለኝም።

በሦስተኛው ወር እንቅልፍ ተወ። በአራተኛው ጎጃም መንገድ ላይ ወጥቶ ቆመ። እናቴ ይህን በስልክ ስትነግረኝ በሹክሹክታ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ ክፍሉ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ እግሩ ላይ አዲስ ሰንሰለት፤ የሚያብረቀርቅ። ይሄኛውን ማንም በጨርቅ አልጠቀለለውም።

የእናቴ ወንድም ላይ ጮህኩበት። "መኪና ይግጨው ወይ?" አለኝ። "አንቺ ቅዳሜ መጥተሽ እሑድ ትሄጃለሽ።"  ስልኬ ውስጥ የባለሱቋ ቁጥር አለ። እንድደውል የሚያስፈልገኝ አንድ ደቂቃ ነበር። ግን ፈተና ሊጀምር ነው፤ የእናቴ ወንድም ከቤቱ ቢያስወጣን መድረሻ የለንም፤ ለሰበታዎቹስ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? ያን ሁሉ ደክመውለት፣ ቀጠሮውን አስቀርተን፣ መልሰን አሰርነው ልበላቸው? አፈርኩ። አባቴን ያሰረው እፍረት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። "ፈተናዬን ልጨርስና እደውላለሁ" አልኩ። ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው።

ታኅሣሥ ገብቶ ብርዱ ጠንቷል። በሁለተኛው ቅዳሜ ሲያስለው አገኘሁት። ሹራቤን አውልቄ አለበስኩት፤ እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ። ተያይተን ትንሽ ሳቅን።

"የዚህ ቁልፍ ማን ጋ ነው?" አለኝ።

"የእማዬ ወንድም ጋ።"

አሰበ። "አንቺ ጋ ቢሆን ይሻል ነበር" አለ።

"ፈተና ልጨርስ፤ የሰበታዎቹን እጠራልሃለሁ።"

"ጨርሺ" አለኝ። "ጥሩ አድርገሽ ሥሪ።"

ሐሙስ ዕለት ከፈተና ስወጣ ስልኬ ላይ የእናቴ ጥሪ አሥራ አንድ ጊዜ ተቀምጦ ነበር። ሳንባ ምች ነው አሉ። ጠዋት ቁርስ ይዛለት ስትገባ ቀዝቅዞ አገኘችው። ሰንሰለቱን እኔ ከመድረሴ በፊት ፈትተውት ነበር፤ ቁርጭምጭሚቱን ግን አይቻለሁ።

ያኔ ደወልኩ። ባለሱቋ "አቤት፣ ልጄ" ስትል የወንድሜን ስም ብቻ ጠራሁ፤ ገባት። "መቼ ነው ቀብሩ?" አለች እንጂ ሌላ አልጠየቀችም።

በማግስቱ ቀትር ላይ አንድ ቅጥቅጥ አይሱዙ አውቶቡስ የሱሉልታን አቧራ እያስነሳ መጣ። ከሰበታው እድር ከወጣን አምስት ወር ሊሞላን ነው፤ የሚመጡበት ግዴታ አልነበረባቸውም። ሽማግሌው ዳኛ በሰው ተደግፈው ወረዱ። ወፍጮ ቤት ያለው ሰውዬ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ሆነ። ባለሱቋ እናቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና እጇን ይዛ አልለቀቀቻትም። የእናቴ ወንድም በሩ ላይ ቆሞ ያን ሁሉ ሰው ያያል። "ይሄ ሁሉ ሰው ለእሱ ነው የመጣው?" ሲል ሰማሁት፤ ማንን እንደጠየቀ አላውቅም። ማንም አልወቀሰውም፤ እኔንም አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ በተሻለኝ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝና ከአውቶቡሱ ኋላ ሄድኩ። የጉልት ቸርቻሪዋ ልጅ ብቻዋን ጎማው አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ወፍራለች፤ ፊቷ ንጹሕ ነው። 

"በመኪና ስንሄድ ያስመልሰኝ ነበር" አለችኝ። "ሁልጊዜ መስኮት አጠገብ የሚያስቀምጠኝ እሱ ነው።"

"አላውቅም ነበር" አልኳት።

"ከሄዳችሁ በኋላ በቀጠሯችን ቀን ሆስፒታል አግዳሚው ላይ ቦታ ይዤ እጠብቀው ነበር። ሰው ሊቀመጥ ሲል 'ተይዟል' እላለሁ። እስከ ምሳ ሰዓት። በሦስተኛው ወር፣ በቃ ድኖ ተሰናብቷል ብዬ አሰብኩ።" ሻሿን አስተካከለች። "ደስ አለኝ። ለእናቴም ነገርኳት። እሱ ከዳነ እኔም እድናለሁ ብዬ፣ ከዚያ ወዲህ ኪኒኔን አንድም ቀን አልዘለልኩም።"

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "አልዳነም ነበር?"

 ከድንኳኑ የእናቴ ድምፅ ይሰማል። ነፋሱ የባሕር ዛፎቹን ያንቋቋቸዋል።

"የዛሬውን ዋጥሽ?" አልኳት።

"ገና ነኝ። ከምግብ በኋላ ነው የሚዋጠው" አለች። "ለቀስተኛ ሲበዛ ምግብ መጠየቅ አፈርኩ።"

ገብቼ እንጀራ በወጥ በትንሽ ሳህን፣ ውኃም በብርጭቆ ይዤላት መጣሁ። የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቀስ ብላ በላች። ኪኒኑን ከቦርሳዋ አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችውና ዋጠችው። እኔም ውኃውን ጠጥታ እስክትጨርስ አጠገቧ ቆየሁ።